ዋናው ዶክተር ለምን አልነኩም?

«እርስዎ አይነኳትም እንዴ?» አልኳቸው ዋናውን ዶክተር። «ዋናው እርስዎ ከሆኑ እርስዎ ይያዟት እንጂ!»

እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እማዬ አልጋ አጠገብ ቆመዋል፤ አውቶቡስ የሚጠብቁ ነው የሚመስሉት። እማዬ ፊቷ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ፣ ዓይኖቿ እብጠቱ ውስጥ ጠፍተው፣ አየር በሳበች ቁጥር ታፏጫለች። ጥርሴን አመመኝ ብላ ከጎረቤት የተረፈ ክኒን ዋጠች፤ ገና የውሃውን ብርጭቆ ሳታስቀምጥ ነው እንዲህ የሆነችው።

«አንቺ ልጅ፣ ወደ ኋላ!» ብላ ሲስተሯ በክርኗ ገፋችኝ። ሄድኩላት። ከዋናው ዶክተር ጀርባ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። አፌን ግን ማን ይገፋዋል?

እማዬን የያዘቻት አንዲት ቀጭን ዶክተር ናት። ጋዋኗ ውስጥ እሷን የመሰለች ሌላ ሰው ትገባለች። የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስት ለመሆን ገና እየተማረች ነው አሉ። ከአልጋው ማዶ ደግሞ ሦስት እንግዶች ተደርድረዋል፤ እነሱም ዶክተሮች ናቸው፣ እዚህ ለመማር ያመልክቱ አያመልክቱ ለመወሰን ሊያዩ የመጡ። ዋናው ዶክተር ክፍሉን ማስጎብኘት ሲጀምሩ እኛ ደረስንባቸው። አይ ዕድል! እናቴ ማስታወቂያ ሆነች።

«አድሬናሊን፣ ጭን ላይ» አለች ቀጭኗ።

«አድሬናሊን፣ ጭን ላይ» አለች ሲስተሯ።

እንደ ገደል ማሚቶ ካልደጋገሙ ምንም አይነኩም። ቀጭኗ ወጋቻት።

ረጅሙን እንግዳ አላስቻለውም። «ይቅርታ ዶክተር፣ እርስዎ ለምን አይገቡም?»

እሰይ! የኔን ጥያቄ ጋዋን አልብሶ ጠየቀልኝ።

«ታካሚዋ የእሷ ናት» አሉ ዋናው ዶክተር፣ ፊታቸው ላይ አንድም ነገር ሳይነቃነቅ።

«የኔ ናት እንጂ!» አልኩ ከኋላ። አንዷ እንግዳ ሳቋን ሳል አስመሰለችው።

ፉጨቱ ግን አልቆመም። ጭራሽ ቀጠነ። እማዬ የአልጋውን ብረት ይዛ ልትነሳ ታገለች፣ ከዚያ እጇ ላላ፣ ብረቱንም ለቀቀችው። ቀጭኗ ቀና ብላ ዋናውን ዶክተር አየቻቸው። ዓይኗ «ይግቡልኝ» ይላል።

«ምን ይታይሻል?» አሏት። በቃ፣ ይህችን ብቻ።

እናቴ እየሞተች እሳቸው ጥያቄ ይጠይቃሉ! ጀርባቸውን በሁለት እጄ ልገፋ ስጠጋ ነው እጃቸውን ያየሁት።

ከፊት ለፊት ለሚያያቸው ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ከኋላ ግን ግራ እጃቸው የቀኙን አንጓ አንቆ ይዞታል፣ ጣቶቹ ደም ሸሽቷቸዋል። የተያዘውም እጅ ዝም አላለም፤ አውራ ጣቱ መርፌ እንደሚገፋ ሁሉ ይጫናል፣ ይለቃል፣ ደግሞ ይጫናል። አንዱ ሊሮጥ፣ ሌላው ሊያስቀረው ይታገላሉ። ለካ እሳቸውም እንደኔ ጨንቋቸዋል። አልገፋኋቸውም።

«ፉጨቱ አልቀነሰም፣ የደም ግፊቷ ወርዷል» አለች ቀጭኗ። ድምፅዋ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ጠና። «አንዱ አልበቃትም። አድሬናሊን እደግማለሁ። ፈሳሹ በፍጥነት ይግባ። ካልተሻላት የመተንፈሻ ቱቦ እናስገባለን፣ ይዘጋጅ።»

ሲስተሯ እያንዳንዱን ደገመችላት። ቀጭኗ መርፌውን ስትገፋ ከኋላ ያለው አውራ ጣትም አብሯት ገፋ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። እኔም ዝም አልኩ፤ ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

ፉጨቱ እየወፈረ፣ እየተቆራረጠ መጣ። እማዬ አሳላት። አንድ ጊዜ ረጅም አየር ስትስብ የክፍሉን አየር በሙሉ የወሰደችው መሰለኝ፤ ትውሰደው፣ የሷ ነው! የዋናው ዶክተር እጆችም ተለያዩ። አንጓቸው ላይ የጣቶቻቸው ምልክት ቀይ ሆኖ ቀርቷል።

«ዶክተር፣ እዚህ ለመማር የሚመጣ ሰው አስቀድሞ ምን ማወቅ አለበት?» አለ ረጅሙ እንግዳ።

መልሱን ቀደምኳቸው። «እዚያ ማዶ ቆመህ አይገባህም። ወደዚህ ወደኔ ና።»

ሲስተሯ አፈጠጠችብኝ። ዋናው ዶክተር ግን ምልክት ያለበትን እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱና ሳቁ። ረጅሙ የምሩን አልጋውን ዞሮ አጠገቤ መጣ። እጃቸው ኪስ ገብቷል፣ ምን ሊያይ?

«አመለጠህ» አልኩት። «ደህና፣ ስትማር ታየዋለህ።»

እማዬ በእብጠቱ መሀል አንድ ዓይኗን ሰንጠቅ አደረገች። «እማዬ!» ብዬ ሮጥኩ። እኔን አይታ አለፈችኝና ዓይኗን ቀጭኗ ላይ አሳረፈች። የኦክስጅኑን ጭንብል ከአፏ ዝቅ አደረገችው።

«እናቴ፣ አያውልቁት!» አለች ሲስተሯ።

እማዬ ቆይ በሚል እጇን አነሳችና በዚያው የቀጭኗን እጅ ያዘች። ድምፅዋ የዛገ በር ይመስላል። «የኔ ልጅ… ፊትሽ ገርጥቷል። ምሳ በልተሻል?»

ያን ሁሉ ትእዛዝ ስትሰጥ የቆየችው ልጅ ዓይኗ በእንባ ተሞላ። በአንድ እጇ ጭንብሉን ለእማዬ መልሳ ደግፋ ያዘችላት፤ ሌላውን እማዬ አልለቀቀችላትም። ዓይኗን የምትጠርግበት እጅ አጣች።

በሹራቤ እጅጌ ጠረግኩላት።