የፉርጎው ቀለም

መብርሂት ያን ሰውዬ ከሩቅ ስታየው ደሟ ይፈላል። ጠዋት ጠዋት፣ እሷ የፉል ድስቷን ከእሳት ስታወርድ፣ እሱ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ሰክቶ፣ የድሮ ፎቶዎቹን በብብቱ ሸጉጦ ከተፍ ይላል። ከዚያ ማንንም ሳያስፈቅድ ቤቷን ይፍቅባታል።

ቤቷ ፉርጎ ነው። ገዳሪፍ ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ሐዲዱን ሣር በዋጠው በኩል ቆሞ የቀረ የመንገደኛ ፉርጎ። ከሁመራ በእግሯ ወጥታ፣ መንደር 8 በሚባል የስደተኞች ሰፈር በድንኳን ከርማ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው ያገኘችው። አይጡን አባራ፣ የተሰበረውን መስኮት በቆርቆሮ ደፍና፣ ድንኳኑ ውስጥ ደረቷን የታመመችውን እናቷን አስገባችበት። የሐበሻ አፈሳ፣ ያገሩ ሰው ከሻ የሚለው፣ ሲመጣ የብረት በሯን ከውስጥ ትቀረቅራለች። እንዲህ ያለ በር ለስደተኛ ማን ይሰጠዋል?

ታዲያ ከወር በፊት ከራባት ያሰረ አንድ ሹም መጣ። የቅርስ ኮሚቴ ነን አለ።

«በእንግሊዝ ጊዜ አንድ ገዥ የሄደበትን ፉርጎ እንፈልጋለን፤ ለሙዚየም። ይሄን የመሰለ የቀረው ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱ ያንቺው፣ አንዱ ከሰላ ያለው። የቀለሙን ነገር ኡስታዝ ባቢክር ይመረምራል። የገዥው ሆኖ ከተገኘ ትለቂያለሽ። ካልሆነ የሚነካሽ የለም።»

ኡስታዝ ባቢክር ማለት ይሄው ፋቂው ነው። ፎቶዎቹ ሁሉ ጥቁርና ነጭ ናቸው። የገዥው ፉርጎ እንደ ከሰል ጠቁሮ፣ ባለኮፍያ ሰዎች ከፊቱ ተደርድረው ይታያሉ። አንድ ቀን ሰውዬው ለጓንጉል ሲያስረዳ ሰማችው። ጓንጉል ዶካ መንገድ ላይ የጭነት መኪና የሚቀባ የመተማ ልጅ ነው፤ ቁርሱን እሷ ዘንድ ይበላል።

«የድሮ ፊልም ያታልላል» አለው ሰውዬው። «ቀዩን ያጠቁረዋል፣ ሰማያዊውን ያነጣዋል። የዛሬውንም ስልክ ቀለም ላይ አላምነውም፤ ሹሞቹም በዓይናቸው ካላዩ እኔን አያምኑም። ስለዚህ ብረቱን ነው የምጠይቀው።»

«ብረቱን ከምትጠይቅ ባለቤቷን አትጠይቅም?» አለች መብርሂት ከድስቷ ሳትነሳ።

ሰውዬው አቀርቅሮ ወደ መፋቁ ተመለሰ። ይሄ ነው ይበልጥ የሚያንጨረጭራት። የሰው ቤት የሚያፈርስ ሰው ትንሽ እንኳ አያፍርም? ሰላምታውን መመለስ ካቆመች ቆየች። ለበላተኛው ሁሉ ስትጨልፍ እሱን ትዘለዋለች። አንዴማ የዕቃ እጣቢ እግሩ ሥር ደፋችበት። ጫማውን አራግፎ ሥራውን ቀጠለ፤ እልኸኛ።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ዝገት ሳይበላው በቀረው በመስኮቱ ዙሪያ፣ ከቡኒውና ከግራጫው ሥር፣ ከሁሉ በታች፣ ሰማያዊ ወጣ። የጠራ ሰማያዊ። ሰውዬው ፎቶውን አየ፣ ብረቱን አየ፣ ፎቶውን ደግሞ አየ። ፊቱ በራ። ከኪሱ ጠመኔ አወጣና ሰማያዊውን ከበበው።

መብርሂት ከድስቷ ተነሣች። ጠመኔን ታውቀዋለች። መንደር 8 ላይ ጠመኔ የተሠመረበት ድንኳን ሁሉ በማግስቱ መኪና መጥቶለት ተነሥቷል። አንዴም ለበጎ ሲሠመር አላየችም፤ አየሁ የሚልም አልገጠማት።

«ኸላስ፣ በቃ ተገኘ» አለ ሰውዬው እየሳቀ። «ሐሙስ ሹሞቹን አመጣለሁ። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው። ስሚኝ ልጄ፣ አንቺ…»

«ልጄ አትበለኝ» አለችና በሩን ፊቱ ላይ ድርግም አደረገችው። ሁለት ጊዜ አንኳኳ። አልከፈተችም።

ጓንጉል ሲመጣ የሆነውን ነገረችው።

«እና ምን አለሽ? የገዥው ነው አለ?»

«ሳቀ እኮ። ሳቀ እልሃለሁ። ሲፈልግ የከረመውን አገኘ።»

«እስቲ በወጉ ጠይቂው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዳይሆን።»

«አንተ ልጡን ታቀፈው። እኔ እናቴን ሁለተኛ ድንኳን አላስገባም። ቀለሙን ካጡት በምን ይፈርዱብኛል? ይልቅ የቀለም ማስለቀቂያህን ይዘህ ና።»

ሰውዬው በሌለበት ረቡዕን ሙሉ ፋቁት። እሱ ፈሳሹን ይቀባል፣ እሷ በሽቦ ብሩሽ ትገፍፈዋለች። ሰማያዊው ከጠመኔው ጋር ተግጦ ወረደ። መዳፏ ደማ፤ ግድ አልሰጣትም። ብሩሹን የሰውዬውን መነጽር የምትፍቅ ያህል ነበር የምትገፋው። ብረቱ ራቁቱን ሲቀር ጓንጉል በግራጫ የዝገት መከላከያ ቀለም ከዳር እስከ ዳር ለበጠው። መብርሂት ወደ ኋላ ራቅ ብላ አየችውና በወሩ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቧ ረካ።

ሐሙስ ሹሙ ከነከራባቱ መጣ። ኡስታዝ ባቢክር ከፊት ከፊት እየቀደመ፣ እንደ ሙሽራ እየተቻኮለ ወደ መስኮቱ አመራና ቀጥ አለ።

«የታለ የምታሳየኝ?» አለ ሹሙ።

ሰውዬው ብረቱን በጣቱ ዳሰሰው። ጣቱ ግራጫ ሆነ።

«እዚህ ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«እኔ አላየሁም።» ሹሙ ፎቶውን ተቀብሎ ከፉርጎው ጋር አስተያየ። «ቀለም ከሌለ በቅርጹ እንፈርዳለን፤ ቅርጹ ያው ነው። የከሰላው ሩቅ ነው፤ ይሄው ይነሣል። ሴትዮዋ እስከ ቅዳሜ ትልቀቅ።»

ሹሙ ወደ መኪናው ሄደ። መብርሂት የፉል ጭልፋዋን እንደ ያዘች ሰውዬው ፊት ቆመች።

«ደስ አለህ? በሽተኛ እናቴን ሜዳ ላይ ጣልክልኝ። እንግዲህ ያሰብከው ደረሰልህ።»

ኡስታዝ ባቢክር መነጽሩን አወለቀ።

«ልጄ» አላት፣ «እነሱ የሚፈልጉት ቀዩን ነው፤ ያንቺ እኮ ሰማያዊ ነበር።»