ለአንድ ሰው የምትበቃ ቤት

ኡላዩክ ጠዋት የተባለውን ሁሉ ሰምታለች። ልጇ ቱሊማክ «ሦስት ውሻ ሁለት ሰው አይጎትትም፤ እኔ ቆርጫለሁ» ሲል፣ ምራቷ ኢቫሉ ድምጿን አፍና አለቀሰች። ምራት ለአማቷ ስታለቅስ መስማትም አንድ ነገር ነው።

አልፈረደችባቸውም። ብርዱ ከገባ ወዲህ በበረዶው ቀዳዳ የሚያድኑት የባሕር እንስሳ፣ አንድም አቆስጣ ብቅ አላለም። ከሦስቱ በቀር ውሾቹን በልተዋቸዋል። ዘመድ ያለበት ሰፈር ገና ሩቅ ነው። አሮጊት ደግሞ ሸክም ናት።

ያናደዳት ሌላ ነው። ሰሞኑን ቱሊማክ ሚስቱን ከውሾቹ ፊት እያስቀደመ፣ እሱ ተንሸራታቹ ጋሪ ላይ ከእናቱ ጎን ተለጥፎ ይጓዛል። ዛሬ ገና እናቴን ልጠግባት ብሎ ነው? አለች በሆዷ።

«አንተ፣ ጫማህ የበሰበሰ ሥጋ ይሸታል እኮ! አውልቀህ አድርቀው እንጂ» አለችው።

«ተይኝ እማዬ፣ ይበርደኛል።»

ቀትር ላይ ቆሙ። ቱሊማክ ከጋሪው በጉልበቱ እየዳኸ ወርዶ በረዶውን በቢላው እየቆረጠ ዙሪያውን ይደረድር ጀመር። የበረዶ ቤት ከውስጥ ሆነው ነው የሚሠሩት፤ ሠሪው ጣራውን ከደፈነ በኋላ በቢላው በር ቆርጦ ይወጣል። ኡላዩክ ጋሪው ላይ እንደተቀመጠች ቤቲቱን አየቻት። ለአንድ ሰው ብቻ የምትበቃ ናት።

«ጠበበችሳ!»

«ጠባብ ቤት ይሞቃል።»

«ምን አለፋህ? ሜዳ ላይ ብትተወኝስ ማን ያይሃል?»

«አይ እማዬ! ምላስሽን መቼም ብርድ አይነካውም» ብሎ ከውስጥ ሳቀ።

የመጨረሻውን የበረዶ ጡብ ከመግጠሙ በፊት ቢላውን በጣራው ቀዳዳ አወጣ።

«ያዙልኝ፣ እጄ ደነዘዘ።»

ኢቫሉ ተቀበለችውና ኡላዩክ ጭን ላይ አኖረችው። ቀና ብላ አላየቻትም። ጡቡ ገባ፤ ቀዳዳው ተደፈነ።

ኡላዩክ ልትወርድ ተነሳች። ኢቫሉ ግን መልሳ አስቀመጠቻትና በጠፍር ከጋሪው ጋር አጥብቃ አሰረቻት።

«ምን ነካሽ አንቺ? ቤቴ ያውልሽ እኮ!»

ምራቷ ውሾቹ ላይ ጮኸች፤ ጋሪው ተንቀሳቀሰ።

«ኧረ ቁሚ! ባልሽ ገና በሩን አልቆረጠም!»

ቢላው ጭኗ ላይ ነበር።