የተቀባዩ ስም

የመምሬ ኪዳነ ወልድ የአርባ ቀን ተዝካር ዕለት፣ ልጃቸው መሲ የአባቷን ሣጥን ከፈተች። የምትፈልገው አንድ የቆየ ደብዳቤ ነበር። እዚያ ካገኘችው መቃብራቸው ጋ ላትሄድ ወስናለች።

ስንታየሁና ታዲዮስ አጠገቧ ተቀምጠዋል። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ሦስቱ ሞላሌ ውስጥ የሮክ ባንድ ነበራቸው። መሲ ትዘፍናለች፣ ስንታየሁ ድራም ይመታል፣ ታዲዮስ ጊታር ይጫወታል። ዛሬ መሲ ማዘጋጃ ቤት ትሠራለች፣ ስንታየሁ ሚኒባስ ይነዳል፣ ታዲዮስ ሒሳብ ያስተምራል።

ያኔ ሁለት ዘፈን ሲዲ ላይ ቀድተው አዲስ አበባ ለውድድር ላኩ። አድራሻቸው የመምሬ የፖስታ ሣጥን ነበር፤ ሌላ ሣጥን ያለው ሰው አያውቁም ነበር። መልስ አልመጣም። ባንዱ ተበተነ።

ከሁለት ዓመት በኋላ መሲ ደብረ ብርሃን ላይ ከአዘጋጆቹ አንዱን አገኘች።

«የመረጥነው እናንተን ነበር፤ ጽፈንላችኋል። ስትቀሩ ሁለተኛ የወጡትን ወሰድን» አላት።

ሁለተኛ የወጡት ዛሬ በየአገሩ እየዞሩ ይጫወታሉ።

መሲ ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቷን አላናገረችም። ለምን እንደሆነም አልነገረቻቸውም። መምሬ ሙዚቃውን አይወዱትም ነበር። «ወለተ ኢየሱስ፣ ይህን የቆርቆሮ ጩኸት ተዪው» ይሏት ነበር። ከሦስቱ እሳቸው ቤት መምጣት ያላቋረጠው ታዲዮስ ብቻ ነው፤ የንስሐ ልጃቸው ነበር።

«ያ ደብዳቤ ደርሶን ቢሆን» አለ ስንታየሁ፣ «ይኼኔ ሦስተኛ ሚስቴን ፈትቼ ነበር።»

«አንደኛዋን መች አገኘህና?» አለች መሲ፣ ወረቀት እያገላበጠች።

«ቢደርሰንም እንጃ» አለ ታዲዮስ። «ገና አልደረስንም ነበር። የሁለተኛው ዘፈን መግቢያ ይፈጥናል።»

«አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ይፈጥናል?»

«እውነቴን ነው። በሰዓት ለክቼዋለሁ።»

ስንታየሁ ሳቀ። ድሮም ልምምድ ላይ ታዲዮስ «አንዴ እንደገና» ሳይል አዳራሹ አይዘጋም ነበር።

መሲ ከሣጥኑ ሥር አንድ ደብተር አወጣች። መምሬ በፖስታ የመጣውን ሁሉ እየመዘገቡ ኖረዋል። ዓመቱን ፈልጋ አገኘች፤ በጣቷ እየተከተለች አነበበች።

«ኅዳር አሥራ ሁለት። ከአዲስ አበባ ለእነ ወለተ ኢየሱስ የመጣ ደብዳቤ። ዕለቱን ለገብረ አማኑኤል ሰጠሁት፤ ያደርስላታል።»

ደግማ አነበበችው። ድምፅዋ አልተለወጠም።

«አባባ ሰጥተውት ነበር» አለች።

ጣቷን ከመስመሩ ላይ ሳታነሣ ቀና አለች።

«ገብረ አማኑኤል ማነው?»

ስንታየሁ ትንሽ አሰበ። «የመሐል ሜዳ አውቶቡስ ላይ አንድ ረዳት ነበር። ገብሬ የሚሉት፣ ጠጪ። የሰው ዕቃ ያደርሳል፤ መንገድ ላይ ይጥላልም።»

«አሁን የት ነው?»

«ዘመሮ ገባ ሲሉ ሰምቻለሁ። አፈላልግልሻለሁ።»

መሲ ወደ ታዲዮስ ዞረች። «አንተስ ታውቀዋለህ?»

ታዲዮስ መነጽሩን ይጠርግ ነበር። «ረዳቱን አላውቀውም» አለ።

«ዛሬ መቃብራቸው ጋ እሄዳለሁ» አለች መሲ። «ነገ ያንን ሰውዬ ፈልጌ አንድ ነገር ብቻ እጠይቀዋለሁ። ለምን እንዳስቀረው።»

ደብተሩን በነጠላዋ ጠቅልላ ያዘች። ሦስቱ ወደ ዳሱ ወጡና ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሰው በልቶ ጨርሷል። ቄስ ተክለጻድቅ ለጸሎቱ የእያንዳንዱን የክርስትና ስም እየጠየቁ፣ መስቀል እያሳለሙ ወደ እነሱ ደረሱ።

«ወለተ ኢየሱስ» አለች መሲ።

«ኃይለ ሚካኤል» አለ ስንታየሁ።

ቄሱ መስቀሉን ወደ ታዲዮስ ዘረጉ። ታዲዮስ መነጽሩን አወለቀ። ቄሱ ጠበቁት።

«ገብረ አማኑኤል» አለ።