ሞተሩ ዝም ያለ ዕለት

ቢምረው የቆላዋን ከተማ የናፍጣ ጄኔሬተር ሃያ ዓመት ሲያንቀሳቅስ ኖሯል። የፀሐይ ኃይል ማመንጫው ተተክሎ ሲያልቅ ሰዉ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ «ጄኔሬተሩ ለደመና ቀን አብሮ ይሥራ» አለ፤ ግማሹ «ይብቃው» አለ። ማመንጫውን የተከለው መሐንዲስ ቢምረውን ጠየቀው።

«ይጥፋ» አለ ቢምረው። «ጭሱ ሳንባዬን ጨረሰው። ባለቤቴ ዘውድነሽም ናፍጣ ናፍጣ የማይል ባል ታግኝ።»

ረፋዱ ላይ በገዛ እጁ አጠፋው። ሰዉ አጨበጨበ፤ እሱም ከልቡ ደስ አለው።

የምሳ ሰዓት አለፈ። ዘውድነሽ በሃያ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ምሳውን አስቀርታበት አታውቅም። ቤት ቢሄድ የለችም።

«ምሳህን ይዛ ከወጣች እኮ ቆየች» አለችው ጎረቤቷ።

መንደሩ ሁሉ ሲፈልጋት ውሎ፣ አመሻሹ ላይ ከከተማው ራቅ ብሎ በደረቀው ወንዝ አሸዋ ላይ ተገኘች። የፀሐዩ ሐሩር ገድሏታል። የምሳ ዕቃውን እንደታቀፈች ነበር።

መሐንዲሱ ግራ ገባው። «ሃያ ዓመት የተመላለሰችበት መንገድ እንዴት ጠፋት?»

ቢምረው ከሬሳዋ አጠገብ ተንበርክኮ አሸዋውን ከፊቷ ላይ ያብስ ነበር።

«ዓይኗ አያይም» አለ። «የሞተሩን ድምፅ ተከትላ ነበር የምትመጣልኝ።»