የትርንጎ ትርፍ ቀን

ታናሽ እህቴ ትርንጎ ለሕክምና በሄድንበት ባንኮክ ሞተች። በዚህ ዘመን ሆስፒታል ለሟች አንድ ቀን ይጨምራል፤ ሟቹ እስኪመሽ ይሄዳል፣ ያወራል፣ መዋጥ ግን አይችልም። ትርንጎ ቀኗን ከተማውን ልይበት አለች።

ጀልባ ላይ በሚነገድበት ገበያ መሃል በሻጮቹ ባርኔጣ እየቀለደች ስታስቀኝ፣ መሞቷን ረሳሁና ማንጎ ላጎርሳት እጄን ዘረጋሁ።

«እትዬ፣ ተይ።»

«በሞቴ! እጄን አትመልሺብኝ።»

«የኔ ሞት አይበቃም?» ብላ ሳቀችና ጎረሰች።

ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ቤተ መቅደሱንም፣ ባለሦስት እግር ታክሲዎቹንም በጣቷ ብቻ አሳየችኝ።

«ምነው፣ ተቀየምሽኝ እንዴ?» ስላት ከንፈሯን ገጥማ ፈገግ አለች።

ሲመሽ አስከሬኗን ሳጥብ፣ ማንጎው ሳይላመጥ ከጉንጯ ወጣ።