የቢጫዋ ቮልስ ገመድ

«መጥቼ ሬሳሽን አላነሳም!» አለች እናት፣ ሄልሜቷን ለምታጠልቀው ልጇ።

«አታሟርቺብኝ! ካልፈለግሽ ቤትሽ ግቢ!» ልጇ ጀርባዋን ሰጠቻት።

እናት ቦርሳዋን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ጠዋት የአሮጌ መኪና እሽቅድምድሙ ተወዳዳሪ ሴቶች ቁርስ ሲበሉ፣ የልጇን ቢጫ ቮልስ ኮፈን ከፍታ ከሞተሩ አንድ ገመድ ነቅላለች። ገመዱ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ያለ እሱ ቮልሷ አትነሳም።

ድምፅ ማጉያው ጮኸ፦ «እንደ እሑድ ደንባችን፣ አሁን ሾፌሮች በዕጣ መኪና ይቀያየራሉ!»

ትናንት የተገለበጠችው ቀይ መኪና ለልጇ ደረሰች። እናት አጥሩን ይዛ ጮኸች፤ ልጇ ዞራ እንኳ አላየቻትም። ቀይዋ ከሁሉም ቀድማ ተፈተለከች።

ቢጫዋ የደረሳት ወጣት ቁልፉን ደጋግማ አዞረች፤ ሞተሩ እንቢ አለ። እናት አጠገብ የቆሙት ሴትዮ እልል አሉ።

«ተመስገን! ልጄን አተረፈልኝ!» ብለው እናትን ከነቦርሳዋ አቀፏት።