ጀርባዬ ላይ ያለው ካርቶን

ይህ የምነግራችሁ አንዲት ቃል ያልተጨመረበት እውነት ነው። ከዋሸሁ ጥርሴ ይርገፍ፤ የቀሩኝ ሦስቱም።

ካናዳ፣ ሳስካችዋን ክፍለ ሀገር ውስጥ፣ በኛ የጠጠር መንገድ ላይ ነፋስ ሲነሳ አይጣል ነው። ትናንት የጎረቤት ዶሮ አንስቶ እኔ ጣሪያ ላይ እንቁላል አስጥሏታል። ዛሬ ደግሞ ካርቶኔን ከጀርባዬ ገንጥሎ ወሰደው።

ካርቶኑ ነገር አለው። ሐኪሜ «በየቀኑ ካልተራመድክ እግርህ ይከዳህና ከተማ የአረጋውያን ቤት ትገባለህ» አለችኝ። መራመድ ጀመርኩ። ችግሩ፣ እኛ ዘንድ በእግሩ የሚሄድ ሰው መኪናው የተበላሸበት ብቻ ነው። ያየኝ ሁሉ ቆሞ «ግባ!» ይላል፤ እምቢ ማለት ደግሞ ነውር ነው። እየገባሁ ሳወራ ስንቱን ቀን ሳልራመድ ዋልኩ። ስለዚህ ካርቶን ላይ «መኪናዬ ደህና ነው፤ የምራመደው ለጤናዬ ነው» ብዬ ጽፌ ጀርባዬ ላይ አንጠለጠልኩ።

ከዚያ ወዲህ ማንም አይቆምም። ከመሪው ላይ አንድ ጣት ብድግ አድርገው ሰላም ይሉኝና ያልፋሉ። እግሬ በርትቷል። ቤት ስገባ የሚያናግረኝ ሬዲዮ ብቻ ነው፤ እሱም ስለ ዝናብ።

አሁን ከኋላዬ ጠጠር ሲንኮሻኮሽ እሰማለሁ። መኪናው ቀስ ይላል። ይቆማል! ቶሎ ብዬ ማነከስ እጀምራለሁ።

ሚርና ናት፤ የታችኛው እርሻ ባለቤት።

«ኦርቪል! አንተ ሽማግሌ፣ አሁንም አልሞትክም?»

«ቀጠሮ ይዤ ነበር፤ ከላይ ያሉት ናቸው ያራዘሙት። ምን ጭነሽ ነው?»

«ያንተን ዕቃ!» ካርቶኑን ከወንበሩ ላይ አንስታ ታወዛውዛለች። «አጥሬ ላይ አገኘሁት። ሰው ሁሉ እየቆመ ሳያስቸግርህ ብዬ እየበረርኩ መጣሁ።»

እጄ የመኪናዋን በር እጀታ ይዟል። እሷ ግን ወርዳለች። ታዞረኛለች፤ ገመዱን ደጋግማ ትቋጥራለች፤ ጀርባዬን መታ መታ ታደርጋለች።

«በል፣ አሁን ነፋስ ቀርቶ ትራክተርም አይነቅለው! በርታልኝ።»

ከመሪው ላይ አንድ ጣት ብድግ አድርጋ ትሄዳለች።

እሺ። ዶሮዋም፣ ሚርናም፣ ቋጠሮውም እውነት ናቸው። የዛሬውን ነፋስ ብቻ ነው የፈጠርኩት። ካርቶኑን አጥሯ ላይ የሰቀልኩት ራሴ ነኝ። ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም፤ ሚርና ያስነሳችው አቧራ የትም ሳይሄድ መንገዱ ላይ ተንጠልጥሏል።